የስንብት ዓመት

«ሄሎ! … ሄሎ፣ ማን ልበል? … አሃ፣ አንተ ነህ እንዴ! ቆይማ፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ፣ እዚህ ጥግ ይቆራረጣል … አሁንስ? ትሰማኛለህ? … እኔማ ጥርት አድርጌ ነው የምሰማህ።»

ጥርት አድርጎ እንኳ አልነበረም። ባልየው ዕድሜውን ሙሉ በወደቡ ትልቁ ክሬን ላይ ተቀምጦ ኮንቴይነር ሲያነሳና ሲያወርድ የኖረ ሰው ስለሆነ ጆሮው ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ስልክ ሲያወራ የሚያናግረው ሰው ከመንገድ ማዶ የቆመ ይመስል ይጮኻል። ሚስትየው ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። የያዘችው የሰው መጋረጃ ነው፣ ሳይመሽ ማለቅ አለበት። የደወለው ማን እንደሆነ ግን ከባሏ አነጋገር ለይታዋለች። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ድሮ ከክሬኑ ሥር ቆሞ ለባሏ በእጁ ምልክት የሚሰጥ ቀጭን ልጅ ነበር፤ እሷም የባሏን ምሳ ስትቋጥር ለሱም ጨመር ታደርግለት ነበር። ዛሬ ክራቫት አስሮ ማኅበሩንም፣ የማኅበሩን የጡረታ ፈንድም የሚመራው እሱ ነው። እግዚአብሔር ሰውን ከየት አንስቶ የት እንደሚያደርሰው እያየች ስታመሰግን ኖራለች።

«ደህና ነን፣ ደህና ነን … እሷም ደህና ናት። … ጉልበቷማ ያው ነው። አራት ፎቅ እየወጣችና እየወረደች በምን ይሻላት? … አይዞህ፣ ጥቂት ነው የቀረን። የስንብት ዓመቴ ይጀምር ብቻ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ነው የማስገባት! … አይተንማ ጨርሰናል፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለችውን። ኪራዩ ጠንከር ይላል፤ ይበል፣ ጡረታዬ ይችለዋል። … ምን አልክ? … ለዚሁ ጉዳይ ነው የደወልክልኝ? እሰይ የኔ ልጅ! በል ንገረኝ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

የስንብት ዓመት የወደቡ ሰዎች ራሳቸው ያመጡት ልማድ ነው። አንድ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ በየወሩ የሚያገኘው የሚሰላው በመጨረሻው ዓመት በተከፈለው ገንዘብ ነው፣ የትርፍ ሰዓቱም ጭምር። ይህን ያወቁ ጓደኛሞች ከብዙ ዘመን በፊት መላ ዘየዱ፤ ሰውየው ለመውጣት አንድ ዓመት ሲቀረው የክፍሉ ሰዎች በሙሉ የትርፍ ሰዓት ተራቸውን ይለቁለታል። ያን ዓመት ቤቱን እንደ እንግዳ ነው የሚያየው፤ በምትኩ ያበጠው ጡረታ ዕድሜ ልኩን ይጦረዋል። የሚያስገድድ የለም፣ እምቢ ያለም ተሰምቶ አይታወቅም። ባልየው ለስንቱ ለቀቀ! ልጃቸው ትንሽ ሆና፣ ሳንቲም በጠፋበት ወር እንኳ «ተራው የጓደኛዬ ነው» እያለ በጊዜ ይገባ ነበር። ሚስትየውም አንድ ቀን አላጉረመረመችበትም። የሱም ተራ ይደርሳል ብላ ትጠብቅ ነበር፤ አሁን ደረሰ።

«… ምን? … ይቀራል? ምን ማለት ነው ይቀራል? … ማን ነው የሚያስቀረው? … የትርፍ ሰዓቱ ለጡረታ እንዳይቆጠር ነገ የማኅበሩ ጉባኤ ላይ ድምፅ ሊሰጥበት? … አንተ ልጅ፣ ምን ቀምሰህ ነው?»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ጋሼ፣ ጋሼ አትበለኝ! … አልጮህኩም፣ ድምፄ ነው! … እሺ ጮህኩ፣ ታዲያ ምን ላድርግ፣ ላዚምልህ? ለዝሆኑ ማን ለቀቀለት? … ለምላጩስ? የምላጩን ዓመት ረሳኸው? እንቅልፍ ሲጥለው ካቢኑ ውስጥ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ፣ የሱን ጭነት በኔ ክሬን ያወረድኩለት እኔ አይደለሁም? ከሥር ሆነህ ምልክት የሰጠኸኝስ አንተ አይደለህም? … አትሳቅ! አሁን የሳቅ ሰዓት ነው? … ያ ሁሉ ሰው በልቶ እስኪወጣ ልማዱ ጥሩ ነበር፤ እኔ እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ገበታው ይነሳል?»

ዝሆኑና ምላጩ በቅጽል ስማቸው የሚጠሩ፣ ተራቸውን አግኝተው ጡረታ የወጡ የክሬን ጓደኞቹ ናቸው። ሚስትየው በመዳፏ ወደ ታች ወደ ታች እያለች ምልክት ሰጠችው፤ ከታች ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ሕፃን አላቸው። ባልየው ገልመጥ አድርጓት ጀርባውን ሰጣት።

«… ምን ሆነ? … ፈንዱ ታመመ? … ፈንድ ምን ነክቶት ይታመማል? በየወሩ ከደመወዛችን ላጥ እያደረጋችሁ ትወስዱ የለም እንዴ? … አሃ፣ ገባኝ! በልታችሁታል! በል ንገረኝ፣ ማን ነው የበላው? ያ ሂሳብ ሹሙ ነው? ድሮም ዓይኑ አላማረኝም። … አትማል! … ማንም አልበላም? … አንድ ሳንቲም? … ምነው በበላችሁት ኖሮ! ሌባ ቢሆን እኮ ይያዛል፣ ይታሰራል፣ ሰውም ይገላገላል። … ታዲያ ሌባ ከሌለ የት ገባ?»

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ባልየው ሲያዳምጥ ግንባሩን ከመስኮቱ መስታወት ጋር አስደግፎ ነበር።

«… አዎ። … የሚቆረጥብን ከመደበኛው ደመወዝ ብቻ ነው። እሺ። … ከትርፍ ሰዓቱ አይቆረጥም። … ሲከፈለን ግን የትርፍ ሰዓቱም ተቆጥሮ ነው። … ቀስ በል፣ ቀስ በል፣ እንደ ሕፃን አስረዳኝ። … እኮ፣ በማንኪያ እየጨመርን በጭልፋ እናወጣለን ነው የምትለኝ። … ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ቆመ? … እ … ቅጥር ስለነበረ። በየዓመቱ ጎረምሳው እየጎረፈ ይገባ ነበር፣ የነሱ መዋጮ የኛን ሽንቁር ይደፍናል። … እሱንማ አውቃለሁ፣ አዲሱ ማሽን መጣ፣ ቅጥር ቆመ። የሚወጣው በዛ፣ የሚገባው አነሰ። … እና ስንት ጊዜ ይቆያል? … አሥራ አምስት ዓመት። … ከዚያስ? … ባዶ።»

ሚስትየው በልቧ አሰላች። አንድ ልጃቸው ወደቡ ወርክሾፕ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ሆና ከገባች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ፈንዱ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ገና አርባ አትደፍንም። «አቤቱ» አለች በለሆሳስ፣ መጋረጃውን ከጭኗ ላይ አንስታ።

«… ማነው ይህን ያሰላው? … ከውጭ የቀጠራችሁት ባለሙያ። ጥሩ፣ እንጀራው ነው። መቼ ነው ለእናንተ የነገራችሁ? … መቼ አልክ? … አልሰማሁህም፣ ድገመው። … ድገመው አልኩህ! … ከሰባት ዓመት በፊት?»

እዚህ ላይ ባልየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲናደድ ብድግ የሚል ሰው ነው፤ ተቀምጦ ሲናደድ ግን ሚስትየው ትፈራዋለች። ውኃ ቀድታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። አላየውም።

«ሰባት ዓመት። … ሰባት ዓመት ሙሉ እያወቅክ። … እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በአፍህ ነዋ! … ምርጫ ነበረ፣ እ? … ሁልጊዜ የስንብት ዓመቱን የጀመረ ሰው አለ፣ በየትኛው ላይ ልዝጋው፣ ልቤ አልቻለም ትለኛለህ? … ልብህ ነው ወይስ ወንበርህ ያልቻለው? … የለም የለም፣ ዛሬ እኔ ነኝ ጠያቂው! … ሥራ አስፈጻሚው በሙሉ ያውቅ ነበር? … ተስማምታችሁ? … እንግዲያው እኛ ነን የማናውቀው፤ ከፋዮቹ። … ስማ። ስማኝ አልኩህ! እኔ እዚያ ላይ ተቀምጬ የመርከቡ ሆድ ውስጥ ያለውን አላየውም። … ታውቀዋለህ፣ ግን ዛሬ ደግሜ ልንገርህ። እኔ የማየው ያንተን እጅ ብቻ ነበር። አንሳ ስትለኝ አነሳለሁ፣ አቁም ስትለኝ አቆማለሁ። ሥሩ ሰው ይኑር፣ ሰንሰለቱ ይጠምዘዝ፣ ምኑን አውቄው! አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬህ አላውቅም። … አዎ፣ አንድ ቀንም አልዋሸኸኝም፣ ለዚህ እኮ ነው በሁለት እጄ የመረጥኩህ! … ታዲያ ቢሮ ስትገባ እጅህን ምን ነካው? ሸክሙ ሊወድቅ እንደሆነ እያየህ ሰባት ዓመት አንሳ፣ አንሳ ትለኛለህ?»

በሩ ተከፈተና ልጅቷ ገባች። ከፈረቃ መውጣቷ ነው። የሥራ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ በካልሲዋ ቆመችና፣ አባቷን በአገጯ እያመለከተች «ምን ሆኖ ነው?» በሚል ዓይን እናቷን አየቻት። እናትየው ከንፈሯ ላይ ጣቷን አደረገች።

«… አንቺ በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ገባ! … አይ፣ አንተን አይደለም፣ ልጄ ገብታ ነው። … ሰላም ብሎሻል። … ሰላምታው ይቆየን፣ ነገራችንን እንጨርስ። … ምን? … ለኔ? … ለኔ መላ አለ? … እስቲ ቀጥል።»

ድምፁ ወረደ። ሚስትየው ባሏ በስልክ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰምታ አታውቅም።

«… አዲሱ ደንብ የሚጸናው ከመጪው በጀት ዓመት ነው። … ከዚያ በፊት የጀመረ አይነካም። … እኔ ደግሞ በሚመጣው ወር ከጀመርኩ … እ። … ስንት ሰው ነን? … እኔና ሌሎች ሦስት። … ሙሉውን ዓመት? የትርፍ ሰዓቱን ሁሉ? … እ። … እና ነገ ከኔ ምን ትፈልጋለህ? … ዝም እንድል። ዝም ብቻ? … እኔ ዝም ካልኩ የክሬን ክፍሉ በሙሉ ዝም ይላል። … ይሄ ሙገሳ ነው ስድብ? … እሺ፣ ገባኝ። … አይ፣ አልተቆጣሁም። እያሰብኩ ነው።»

እውነትም እያሰበ ነበር። ሚስትየው ከትከሻው አወቀችበት። «እሺ በለው» አለ ልቧ። ያቺ ከጣቢያው ጀርባ ያለች ቤት ፊቷ ድቅን አለች፤ የስፌት መኪናዋ የምትቀመጥበትን የመስኮት ሥር በክንዷ ሳይቀር ለክታ ነው የተመለሰችው። ከገበያ መጥታ በየደረጃው መታጠፊያ ዘንቢሏን እያሳረፈች፣ የጎረቤት ልጅ ሮጦ ሲያልፋት ግድግዳውን ይዛ ፈገግ እያለች የምትወጣበት ዘመን አበቃ ማለት ነው። ፈጣሪዋን ልታመሰግን ከንፈሯን ስታላቅቅ ባልየው ቀደማት።

«ለነገሩ … ገንዘቡ ከየት ይመጣል? … ታሟል ያልከኝ ፈንድ ለአራት ሰው ሲሆን ድንገት ተሻለው? … ሄሎ? … ሄሎ፣ አለህ? ትሰማኛለህ? … እኮ ከየት? … ከመዋጮ ጭማሪ። … የማን መዋጮ? … ከአዲሶቹ። አዲሶቹ የምትላቸው እነማን ናቸው? … በአምስት ዓመት ውስጥ የተቀጠሩት። … ቆይ አንዴ።»

ስልኩን ከጆሮው አርቆ ወደ ልጁ ዞረ።

«የኔ እናት፣ ከሚመጣው ወር ከደመወዝሽ የሚቆረጠው ይጨምራል ብሎ የነገረሽ ሰው አለ? … ማንም? … አይ፣ ምንም አይደለም። ግቢና ታጠቢ።»

ልጅቷ አልገባችም።

«አንተ! … አለህ? እንኳን ኖርክልኝ! ከልጄ ጉሮሮ ነጥቀህ ነው የምታጎርሰኝ? … ጭማሪዋ ትንሽ ናት? ትንሽም ብትሆን የሷ ናት! እጇን ሽቦ እየላጣት የምታመጣት ናት! … እና እሷ ለኔ ከፍላ ከፍላ፣ የሷ ቀን ሲደርስ ባዶ ነው አላልከኝም? … አላልከኝም ወይ? … ያኔ ማን ይለቅላታል? … መልስልኝ እንጂ፣ ማን ይለቅላታል? … እኛ ለጓደኛ ስንለቅ ከራሳችን ነበር የምንለቀው። ከራሳችን ላብ፣ ከራሳችን ቤት። … ምን? … ነው። … እሺ፣ ነው፣ እሱም ቢሆን ከኋላ ከሚመጡት ነበር የሚወሰደው። አንድም ሰው አልነገረንማ! ደግ የሠራን መስሎን! እርስ በርሳችን እየተቃቀፍን፣ እየተመራረቅን … አሁን ግን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ልብላው? … የማንን? … የሚስቴን ጉልበት አትጥራብኝ! … አውቃለሁ ምሳ እንዳበላችህ! ለዚህ ብላ አላበላችህም!»

ከዚያ ስልኩን በመዳፉ አፈነና ሚስቱን አያት። ደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ተገትሯል።

«ሰማሽ? … ከሷ ቆርጦ ለኛ ሊሰጠን ነው። እሺ ካልነው ያቺ ቤት የኛ ናት። ደንቡ ይፈቅዳል ይላል፣ ፊርማውም የሱ ነው፣ ማንም አይጠይቀንም። … እኔ ብቻዬን አልመልስለትም፣ ደረጃውን የምትወጪው አንቺ ነሽ። ምን ልበለው?»

እሺ ያለው የሚስትየው ልብ እሺ እንዳለ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን እሺ ማለቱን አልተወም። ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቷ ነገሩ ገብቷታል። የማትለምን መሆኗን ለማሳየት ይመስል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ፀጉሯን የሸበበችበትን ጨርቅ ትፈታለች። እናትየው ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች፤ ጉልበቷ ቀጭ አለ። በልቧ «አንተ ታውቃለህ» አለች፣ ለባሏ ግን አልነበረም። ባሏንማ ዓይን ዓይኑን እያየች ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ አጥብቃ።

«ሄሎ። … አለሁ፣ አለሁ። ሚስቴ አይሆንም ብላለች። … አልተናገረችም፣ በራሷ ነው ያለችው። … አላቀርብልህም! እኔ ስጮህብህ ነው የተረፍከው፤ እሷ አፏን ከከፈተች አልጋ ትይዛለህ!»

ልጅቷ ከወደ ግድግዳው ሳቅ አመለጣት።

«በል አሁን ጻፍ። … ብዕር አጣሁ አትበለኝ፣ ሊቀመንበር ነህ። ነገ እመጣለሁ። አዲሱን ደንብ ደግፌ እጄን አነሳለሁ። … ቆይ፣ ደስ አይበልህ! ከመጪው በጀት ዓመት የሚለውን ሰርዘው። ከነገ ጀምሮ በለው፣ ከኔ ጀምሮ። … ሦስቱንም እኔው አናግራቸዋለሁ። … ይሰድቡኛላ! ይስደቡኝ፣ አንተን ከሚሰድቡህ አይብስም። … መዋጮ መጨመር ግድ ከሆነ ደግሞ ከሁላችንም ይጨመር። ከትርፍ ሰዓቱም ይቆረጥ፣ ከኔም፣ ካንተም አበል። … አዎ፣ ካንተም! ምነው፣ ሳልከኝ? … ቀድመው የወጡትስ? እነ ዝሆኑ? … ትንሽ ይነካባቸዋል? ትንሽ ስንት ነው? … እ።»

ዝሆኑ አልጋ ከያዘ ከርሟል፤ የሚኖረው በዚያችው ጡረታ ነው።

«… እሱን አንተ ትነግራቸዋለህ። … እኔ አልነግርልህም! በየቤታቸው ሄደህ፣ በር አንኳኩተህ፣ አጠገባቸው ተቀምጠህ። … በስልክ አይደለም፣ በእግርህ! … ገና አልጨረስኩም። … አልጨረስኩም አልኩህ። ነገ ያ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ እንደገና እነሳለሁ። ሰባት ዓመት ለምን እንደደበቃችሁን በሰው ሁሉ ፊት እጠይቅሃለሁ፤ ከዚያ ሊቀመንበሩ ይውረድ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። … አዎ፣ እኔ። … አዎ፣ ያው እኔ።»

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ብዙ ተናገረ። ባልየው ሳያቋርጠው ሰማ። ሚስትየው ከባሏ ፊት ልመና መሆኑን አነበበች፤ ፊቱ ላላ፣ ዓይኑ ወደ መሬት ወረደ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መልሶ ጠነከረ።

«… አልጠላሁህም። ብጠላህ ነገ እዚያው ድንገት አደርገው ነበር። … ስማኝማ። ዛሬ የምነግርህ አስበህበት፣ ለሚስትህ ነግረህ፣ መልስህን ይዘህ እንድትመጣ ነው። ሰው የሚመጣበትን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አንተ ለኛ ያላደረግከውን እኔ ላንተ አደረግኩልህ። … በል ደህና ዋል።»

ስልኩን ዘጋው።